የአባባን ሲንጀር መልሶ ማስነሳት፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ፣ 2017

የአያታችንን የአባባን የሲንጀር ስፌት መኪና ከአክስቴ ከእቴቴ ጓዳ አውጥተን በረንዳ ላይ አቆምነው። ጭንቅላቱን ነቅሎ ለብቻ ማውጣት ይቀል ነበር፤ ከጠረጴዛው ጋር የያዙት ሁለት ማጠፊያዎች ብሎናቸው ስለዛገ ግን እንዳለ ተሸከምነው። ብሎኖቹ ላይ ነጭ ጋዝ አንጠባጥበን አሳደርናቸው፣ በማግስቱ በሰፊ ካቻቪቴ ተፈቱ።

ያለበት ሁኔታ፦ ማዞሪያ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ችንጋ (ከታችኛው ጎማ ወደ ላይኛው የሚሄደው ቀበቶ) የለውም። ፔዳሉ ይሄዳል፣ ግን ይንኳኳል። የጠረጴዛው ልባስ በቀኝ በኩል ተነስቷል። ከአራቱ መሳቢያዎች አንዱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መርፌ የለም፣ የቦቢን (የታችኛው ክር መጠቅለያ) ቤቱ ግን አለ።

አባባ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በነበረችው ጠባብ ሱቃቸው ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉት በዚህ መኪና ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ አላዩም፣ ቀደም ብለው ነው ያረፉት። እኛም ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ገላን ጉራ፣ ሲኤምሲ ተበትነናል። የመጀመሪያ ልጃቸው እቴቴ ብቻ ከጊዮርጊስ ወደ ሰሜን ሆቴል በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ግቢ አልወጣችም። በዓል ሲመጣ ሁሉም እዚያው ነው የሚሰበሰበው።

መኪናው ምን ይሁን በሚለው ላይ ሐሳብ ተለያይቶ ነበር። አንዱ የአክስቴ ልጅ እግሩን ብቻ ወስዶ መስታወት ሊደርብበት ፈለገ፤ የሲንጀር እግር ለካፌ ጠረጴዛ የሚገዙ ሰዎች አሉ፣ ለእኛም ዋጋ ሰጥተውናል። እቴቴ «አባዬ ይሄን ለማሳያ አልገዛውም፣ ይሰፋል» አለች። በዚያው አለቀ። ቀኑንም እሷ ቆረጠች፦ ለጥምቀት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ ሰው ሁሉ የሚመጣው በመጨረሻው ሳምንት ስለነበር፣ አባባ ከገና እስከ ከተራ መብራት ሳያጠፉ ይሰፉ ነበር። ያን ሰሞን ራታቸውን ሱቅ ድረስ የሚያደርሰው ተራ የደረሰው ልጅ ነው።

ሥራው ለእኔ የተሰጠው ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን ስለምጠግን ነው። መሣሪያው አለኝ፣ ስፌት ግን አልችልም። መስፋቱ የእቴቴ ድርሻ ነው፤ ከአባባ ተምራለች።

ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ

አንገቱ ላይ ሞላላ የናስ ሰሌዳ አለ። ዙሪያው ሰማያዊ ነው፣ 1851 እና 1951 የሚሉ ዓመታት ተጽፈውበታል። ሲንጀር መቶ ዓመት የሞላበት ምልክት ነው፣ ስለዚህ መኪናው የተሠራው በኛ አቆጣጠር 1943 ወይም 1944 አካባቢ ነው። ሞዴሉ 15ኬ ነው። «ኬ» የሚለው ስኮትላንድ ክላይድባንክ ውስጥ በነበረው ትልቅ ፋብሪካ መሠራቱን ያሳያል። ፋብሪካው በ1980 በፈረንጆቹ ተዘግቷል። መለዋወጫ ለማግኘት ግን አልተቸገርንም፤ የ15 ሞዴልን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች፣ ቆይተው ደግሞ ቻይናዎች ስለቀዱት ቦቢኑም መርፌውም መርካቶ ይሸጣል። የድሮ ሲንጀር ይዞ መለዋወጫ የለውም ብሎ ያስቀመጠ ካለ መጀመሪያ ሞዴሉን ይይ።

አባባ አዲስ አልገዙትም። ከቡልጋ መጥተው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ለአንድ አርመን ልብስ ሰፊ ተቀጥረው ነበር፤ መኪናውን ከደሞዛቸው በየወሩ እየተቆረጠ ከእሳቸው ወሰዱት። እቴቴ እንደምትለው ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው እሷ ከተወለደች በኋላ ነው።

ማላቀቅ (የጥቅምት ቀሪው)

መኪና ሲደርቅ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ዝገት አይደለም፣ ያረጀ ዘይት ነው። እዚህ ደግሞ አባባ ካረፉ በኋላ አንድ ሰው «እንዳይዝግ» ብሎ የምግብ ዘይት አፍስሶበታል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። የፊት ክዳኑን ስንከፍት የመርፌው ዘንግ ቡናማ ማር የተለቀለቀ ይመስል ነበር።

የሠራነው እንዲህ ነው። የፊት ክዳኑን፣ ከኋላ ያለውን ክብ ክዳን እና የመርፌ ሰሌዳውን ፈታን። ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ላይ ነጭ ጋዝ በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አደረግን፣ አደረ፣ ደገምን። ጎማው ሩብ ዙር ያህል ከሄደ በኋላ ቆመ። በኃይል ማዞር አይቻልም፣ ውስጡ ያለው ዘንግ ሊጣመም ይችላል። ከዚያ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ አመጣን። ብረቱ ሲሞቅ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያሉ መወዝወዝ ነው። በሙቀት ሙሉ ዙር ሄደ፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይይዛል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዘይት አይደለም፣ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። የቦቢኑን ቤት አውጥቼ መንጠቆውን የያዘውን ቀለበት ፈታሁ። ከኋላው ክር ተጠቅልሎ ደርቋል። በፒንሴታ ሲወጣ የጣት ርዝመት ያህል ነው፣ ቀለሙ ካኪ። እቴቴ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። «ይሄ የዩኒፎርም ክር ነው፣ መስከረም መስከረም ነው የሚገባው» አለች። አውጥታ አልጣለችውም፣ በወረቀት ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ከዚህ በኋላ ጎማው በአንድ ጣት ይዞራል። ነጭ ጋዙን ግን እንዳለ መተው አይገባም፣ ቅባቱን ሁሉ ጠርጎ ብረቱን ደረቅ ያደርገዋል። በጨርቅ ጠርገን በስፌት መኪና ዘይት ተካነው። የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ አይሆንም።

ወጪ እስካሁን፦ ነጭ ጋዝና ዘይት 260 ብር፣ ሲሪንጅ 20 ብር።

ወርቃማው ጽሑፍ

የአጎቴ ልጅ ሊረዳን ብሎ በኮሮና ጊዜ በተረፈ ሳኒታይዘር ጭንቅላቱን ወለወለው። ጥቁሩ ቀለም ነጣ፣ ከታች በኩል ያለው የወርቅ ሐረግ ከጨርቁ ጋር ወጣ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጽሑፉ የተሸፈነበት ላክ በአልኮል ይሟሟል። ነጭ ጋዝ አይነካውም፣ አልኮልና ቲነር ግን ይበሉታል። የተረፈውን በዘይት በራሰ አቡጀዴ ብቻ አጸዳነው፣ ንጣቱም ግማሽ ያህሉ ጠፋ።

ልጁ በጣም አዘነ። እቴቴ ወስዳ ያሳየችው ከመርፌው በስተግራ ያለውን ቦታ ነው። እዚያ የመዳፍ ስፋት ያህል ወርቁም ጥቁሩም የለም፣ ብረቱ ራሱ ያበራል። አባባ ጨርቁን ሲመሩ ግራ እጃቸው የሚያርፍበት ነው። ይህን ቦታ ቀለም አንቀባውም ብለን ተስማማን፣ ጽሑፉንም አዲስ አንለጥፍበትም።

ኅዳር። ፔዳልና ችንጋ

የፔዳሉ መንኳኳት ቀላል ሆኖ ተገኘ። ፔዳሉን ከታችኛው ትልቅ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ ላይ ዳዶው ላልቶ ነበር። ኩሽኔታውን አጥበን ግራሶ ቀባነው፣ ዳዶውን አጠበቅን፣ ድምፁ ጠፋ።

ችንጋው ነው ያስቸገረው። መጀመሪያ ከመርካቶ የፕላስቲክ ገዛን፣ 120 ብር። ባዶውን ይሄዳል፣ ጨርቅ ሲገባ ይንሸራተታል። በደንብ ሲወጠር ደግሞ ፔዳሉን ያከብደዋል። ቀጥሎ ድቡልቡል የቆዳ ችንጋ ፈለግን። ምናለሽ ተራ አካባቢ ካሉ የድሮ ዕቃ ነጋዴዎች አንዱ ዘንድ ተገኘ፣ 450 ብር። ውፍረቱ አምስት ሚሊ፣ ርዝመቱ ወደ 183 ሳንቲም ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ተበስተው በሽቦ መቆለፊያ ይያያዛሉ። ቆዳ ይለጠጣል። ከጊዜ በኋላ ሲላላ ሁለት ሳንቲም ቆርጦ እንደገና ማያያዝ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አሳጥሮ መቁረጥ አይገባም።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር መጣ፦ ችንጋው ጎማውን ያዞረዋል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። ጎማው መሐል ካለው ማጥበቂያ ሥር ባለ ሦስት ጥርስ ቀለበት አለ፣ ሲፈታ ተገልብጦ ገብቷል። ግማሽ ዙር አዙሮ መመለስ ነው መፍትሔው። ይህን ካላወቁ ቀን ሙሉ ያስፈልጋል።

ልባሱን ራሴ በኮላ ለጥፌ በማጥበቂያ አሳደርኩት። የተሰበረውን ጠርዝ አናጢ ሞላልን፣ ከቬርኒሹ ጋር 2,300 ብር። ትልቁ ወጪ ይሄ ነው፤ አጎቶቼ ተካፈሉት።

የተቆለፈው መሳቢያ

ሰብሮ መክፈት የፈለገ ነበር። ፒያሳ ያለ ቁልፍ ሠሪ መጥቶ እንጨቱን ሳይነካ ከፈተው፣ 300 ብር። ውስጡ የኒዶ ቆርቆሮ ሙሉ የልብስ ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ጠመኔዎች፣ ጫፉ የተበላ የጨርቅ ሜትር እና አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ደብተሩ የደንበኛ መስሎን ነበር። የቤት ነው።

በየዓመቱ አንድ ገጽ አለው። ዓመተ ምሕረቱ ከላይ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፣ ፲፱፻፶፮፣ ፲፱፻፶፯ እያለ ይሄዳል። ከሥሩ የልጆቹ ስም ከታላቅ ወደ ታናሽ፤ ከስሙ ፊት ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ቁመት። ከገና በኋላ ያለው እሑድ የልኬት ቀን እንደነበር እናቴ ታስታውሳለች። ግድግዳ አስደግፈው «ሆድህን አትንፋ፣ ልብሱ ከሆድህ ጋር አይጣላም» ይሏቸው ነበር አለች።

ሥራዬን ትቼ ይህን ደብተር ሳነብ ሰነበትኩ፤ ስለ አባባ የማውቀውን ሁሉ የሚበልጥ እዚህ አገኘሁ።

ለምሳሌ ከአንዳንዱ ስም ወደ ታች ቀስት ተሰምሯል። እቴቴ ፈታችልን፦ ልብሱ ለታናሽ ተላልፏል ማለት ነው። አባባ የልጅ ልብስ ሲሰፉ እጅጌውና ጫፉ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ጨርቅ አጥፈው ይተዉ ነበር፣ ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል። አንድ ግራጫ ኮት በቀስት ተከትለን ከሁለተኛው አጎቴ ወደ አራተኛው፣ ከእሱ ወደ ስድስተኛዋ ወደ እናቴ ደረስን። እናቴ ጋ ሲደርስ «ወደ ጉርድ» ይላል። ኮቱ ተፈቶ ጉርድ ቀሚስ ሆኗል። እናቴ ጉርዱን ታውቀዋለች፤ ኮት መሆኑን ግን አሁን ነው የሰማችው።

በ1967 ገጽ ጥግ ላይ «ኪራይ ቀነሰ። ካኪ 6 ሜትር» የሚል አለ። የዚያን ዓመት ሐምሌ ትርፍ ቤት ሲወረስ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ቀንሶ ነበር። ልዩነቱ የት እንደዋለ ደብተሩ ይናገራል።

ከዘጠኙ ልጆች ሌላ ሁለት ስም አለ፣ ከ1963 ጀምሮ። በዝርዝሩ መጨረሻ አልተጻፉም። በዕድሜያቸው ተራ፣ ከአምስተኛውና ከስድስተኛዋ መካከል ገብተዋል። እናታቸው የሞተችባቸው የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ቤት ውስጥ ነው ያደጉት። እኛ የልጅ ልጆቹ ሁለቱንም አጎት ስንል ኖረናል፤ የሥጋ አለመሆናቸውን ከመካከላችን የማያውቅ ነበር። አባባ ቀስት ሲያሰምሩም አይለዩም። ከእነሱ ወደ እናቴ የተላለፈ ሹራብ አለ፣ ከአጎቴ ወደ እነሱ የተላለፈ ሱሪ አለ።

ሦስተኛው አጎቴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወጣ። ስሙ ከደብተሩ አልወጣም። ከፊቱ ልክ አለ፣ ጎኑ ላይ «በግምት፣ ከፎቶ» ተብሎ። ፎቶ በመጣ ቁጥር አባባ ከበር ወይም ከወንበር ጋር እያስተያዩ ይገምቱ ነበር፤ ወገቡ ላይ በየጥቂት ዓመቱ ሁለት ሁለት ሳንቲም ጨምረዋል። በዚያ ልክ ሸሚዝ እየሰፉ በሰው እጅ ይልኩ ነበር። አጎቴን ካናዳ ደውለን ጠየቅነው። ትከሻውና ወገቡ ልክ ይሆን ነበር፣ እጅጌው ግን ሁልጊዜ ያጥር ነበር አለ። ፎቶዎቹን አውጥተን ስናይ ምክንያቱ ተገኘ፦ ብርድ ስለነበር በሁሉም ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የቆመው። «ለአባባ አልነገርኩትም፣ እጅጌውን እያጠፍኩ ነው የለበስኩት» አለን። ከዚያ ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡ አለ፣ መናገር አቅቶት።

የገጾቹን ፎቶ አንስቼ በዓመትና በስም ሰንጠረዥ አድርጌያቸዋለሁ። ደብተሩን እቴቴ ይዛዋለች።

ታኅሣሥ። ክሩ

ወደ መኪናው እንመለስ። መርፌ ገባ፣ ክር ገባ፣ የመጀመሪያው ስፌት ከታች ተንጨባረረ። ከታች ክር ሲንጨባረር ሰው የታችኛውን ማጥበቂያ ይነካካል፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር አለመጥበቁ ነው። የላይኛውን ማጥበቂያ ስፈታ በሁለቱ ሳህኖች መካከል ቃጫ ሞልቷል። ጸዳ፣ ሞላው በቅደም ተከተሉ ተመለሰ። ሲፈታ እያንዳንዱን ክፍል በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ቀለበቶቹ ይመሳሰላሉ።

ከዚያ ደግሞ ስፌት መዝለል መጣ። ይህን እቴቴ ናት ያገኘችው፤ ቆማ አይታ «መርፌው ዞሯል» አለች። በ15 ሞዴል የመርፌው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ግራ ነው የሚሆነው፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚገባው። አዲሶቹ የቤት መኪናዎች ከፊት ወደ ኋላ ስለሆኑ የለመደ ሰው ይሳሳታል። መርፌው ተስተካክሎ ገባ፣ አልዘለለም።

የታችኛውን ክር የምትፈትሽበትን መንገድ ከአባባ ነው የያዘችው። የቦቢኑን ቤት በክሩ አንጠልጥላ ትይዘዋለች። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ ላልቷል፣ እጅ ነቅነቅ ሲል ትንሽ ወርዶ ከቆመ ልክ ነው፤ ጭራሽ ካልወረደ ጠብቋል። ማስተካከያዋ ብሎን በጣም ትንሽ ናት፣ የሩብ ዙር ሩብ ይበቃታል። ለመካከለኛ ጨርቅ 14 ቁጥር መርፌ፣ ለካኪና ለጂንስ 16።

በአቡጀዴ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሰፋች። ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ነው። ወጪ፦ መርፌና ሁለት ቦቢን 240 ብር፣ አቡጀዴ 3 ሜትር 390 ብር።

ገና

ሁሉም መጣ። ዶሮው ከተበላ በኋላ እቴቴ ደብተሩን አወጣችና ባዶ ገጽ ላይ ፳፻፲፯ ብላ ጻፈች። ልኬት የተጀመረው በልጆቹ ነው፤ የአባባ የልጅ ልጅ ልጆች አሁን አሥራ አራት ናቸው። ትልልቆቹ ቆመው ሲያዩ ቆይተው «እኛስ?» አሉ። የስድሳ ዓመት አጎቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ እቴቴም «ሆድህን አትንፋ» አለችው። ሁለቱ አሳዳጊያቸው አባባ የሆኑት አጎቶቼ በዕድሜ ተራቸው ገቡ፣ ልክ እንደ ድሮው። የካናዳው አጎቴ በቪዲዮ ሚስቱ እየለካችው ቁጥሩን አነበበ። ጎኑ ላይ «በግምት» የሚለው ቀረ።

ስፌት

ለአሥራ አራት ልጅ ሁሉ ለመስፋት ጊዜ አልበቃም። እቴቴ እጇ በፍጥነት ይደክማል፣ ዕድሜዋም ገፍቷል። ለወንዶቹ እጀ ጠባብ፣ ለሴቶቹ ቀሚስ ታስቦ ነበር፤ ጥለት ያለው የሐበሻ ልብስ ለብቻው ጊዜ ስለሚፈልግ ተውነው። በመጨረሻ ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ስድስት ልጆች ነጭ ሸሚዝና ቀሚስ ተሰፋ። ቆራጩ እቴቴ፣ ፔዳል ረጋጩ ተራ በተራ። ፔዳሉን እኩል መርገጥ ከባድ ነው፤ ሳይታወቅ ጎማው ወደኋላ ከዞረ ክር ይበጠሳል። ጎማውን በእጅ ወደ ራስ አስጀምሮ ከዚያ እግር ማስከተል ነው። ይህን ቶሎ የያዘችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ የአራተኛው አጎቴ የልጅ ልጅ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሸሚዞች ጎን የሰፋችው እሷ ናት።

ሁሉም ልብስ ውስጡ ሦስት ጣት የታጠፈ ጨርቅ አለው።

በከተራ ቀን ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ ስድስቱም ለብሰው ወጡ። የአንዷ አንገት ጠቦ ስለነበር እዚያው መንገድ ላይ ቁልፉ ተከፈተ፤ ይስተካከላል።

የቀረ ሥራ (ጥር መጨረሻ)

ችንጋው እንደገና ላልቷል፣ ሁለት ሳንቲም ይቆረጣል። በፍጥነት ሲረገጥ ከጎማው በኩል ድምፅ አለ፤ ዘይት ቀዳዳውን አንዱን የዘለልኩት ይመስለኛል፣ ከኋላ ያለውን ክብ ክዳን ከፍቼ አየዋለሁ። የተከፈተው መሳቢያ አዲስ ቁልፍ ተሠርቶለታል፣ አንዱ እቴቴ ጋ፣ አንዱ እናቴ ጋ ነው። ለካናዳው አጎቴ ሸሚዝ ተቆርጧል፣ እጅጌው በትክክለኛው ልክ 64 ሳንቲም፤ ለፋሲካ የሚሄድ ሰው አግኝተናል። ፔዳሉን ቶሎ የያዘችው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገላን ጉራ እየመጣች ልትማር ነው፣ የታክሲዋን እኔ እችላለሁ።